የኮምፒውተር ክበብ ዘንድሮ፦ ግሩፑን አትበትኑት

የሌሎቹ ክበባት ዘገባ ላይ ዋንጫ አለ፣ ድራማ አለ፣ ችግኝ አለ፣ የኛ የኮምፒውተር ክበብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲታገል የከረመው ከአንድ የኤክሴል ፋይል ጋር ነው። አትሳቁ፣ እስኪ ልንገራችሁ።

ልጆቹ የላቡን 24 ኮምፒውተሮች አንድ ሺት ላይ ሳሏቸው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አራት ሼፕ (ኤክሴል ላይ የሚሳል ቅርጽ) ነው፦ ስክሪን፣ መቆሚያ፣ ቁጥር የሚጻፍበት ሳጥንና አንዲት ክብ መብራት፣ አራቱም አንድ ላይ ግሩፕ ተደርገዋል፣ ማለትም እንደ አንድ ሥዕል ታስረዋል። ጎን ያለው ሰንጠረዥ ላይ "ተበላሽቷል" ሲባል ማክሮው (ኤክሴል ውስጥ የሚሮጥ አጭር ኮድ) መብራቷን ቀይ ያድርጋት፣ ካልሆነ አረንጓዴ፣ በቃ ሐሳቡ ይሄው ነው። ሁለት ሳምንት ይበቃዋል ተብሎ ነበር (ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጆቹን አትውቀሱ)።

መጀመሪያ ሪከርድ ማክሮ፣ የምትሠራውን እያየ ኮዱን ራሱ የሚጽፍልህን፣ ሞከርን። የላቡ አሮጌ ማሽኖች ኤክሴል 2007 ናቸው፣ እሱ ላይ ደግሞ ሪከርደሩ የሼፕ ቀለም ስትቀይር አይመዘግብም፣ ኮዱን ስትከፍተው ባዶ ነው፣ የተስተካከለው 2010 ላይ ነው። ስለዚህ ኦልት ኤፍ11 ብለን የኮድ መጻፊያውን ከፍተን በእጃችን ጻፍን። ሺቱ ላይ ያሉትን ሼፖች በፎር ኢች (አንድ በአንድ በሚያዞር ትእዛዝ) ዙራቸውና ስሙ "ላይት" የሆነውን አቅላው አልነው፣ ዝም። ኤረር እንኳን የለም። ኋላ ላይ አንዷ የአሥረኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ስንት ሼፕ እንደሚያይ ለምን አንጠይቀውም?" አለች፣ በካውንት ጠየቅነው፣ 96 ስንጠብቅ 24 አለን። ለካ ለኤክሴል ግሩፕ ማለት አንድ ሼፕ ነው፣ ሺቱ ግሩፑን ነው የሚቆጥረው እንጂ ውስጡ ያሉትን አይደለም።

ምን አደረግን? በተንነው። አንግሩፕ፣ ቀለም፣ መልሶ ግሩፕ። ሠራ፣ ጭብጨባም ነበር! ግን ግሩፕ ሲበተን የሰጠኸው ስም አብሮ ይጠፋል፣ መልሰህ ስትሰበስበው ኤክሴል የራሱን ስም ያወጣለታል፣ ጠቅ ሲደረግ እንዲሮጥ ግሩፑ ላይ ያሰርነው ማክሮም የለም። ማክሮ ከሮጠ በኋላ ደግሞ ወደ ነበረበት መመለሻው (Undo) አይሠራም፣ አንዱ ልጅ ኮንትሮል ዜድን ሲደበድበው አይቼ አንጀቴን በላኝ። እኔም ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ፣ እንዲሁ ስንበትንና ስንሰበስብ ግማሽ ዓመቱ አለቀ።

መድኃኒቱ ግሩፕአይተምስ የምትባል አንዲት ቃል ናት። ግሩፑን ሳትነካው ውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ ትሰጥሃለች፣ ቀለም ቀይር፣ ጽሑፍ ቀይር፣ ግሩፑ እንዳለ ነው። ከዛ በፊት ግን የሼፑ ታይፕ 6 መሆኑን አረጋግጥ፣ 6 ማለት ግሩፕ ነው፣ ግሩፕ ያልሆነ ሼፕ ላይ ከጠራሃት ኤረር ነው። አንድ ጎበዝ ደግሞ ለማሳመር ብሎ ስድስት ስድስቱን ኮምፒውተር በረድፍ ግሩፕ አደረጋቸው፣ ግሩፕ ውስጥ ግሩፕ መሆኑ ነው፣ ያኔ ግሩፕአይተምስ የየረድፉን 24 ሼፖች ዘርግታ ትሰጣለች እንጂ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ግሩፖች ለይታ አታሳይም፣ የትኛው መብራት የማን እንደሆነ ጠፋን። ረድፎቹን አፈረስናቸው።

ካርታውን እንደ አዲስ ስንሠራ አንዱን ኮምፒውተር ስለን፣ "ፒሲ" ብለን ሰይመን፣ 23 ጊዜ ኮፒ አደረግነው፣ ስሙም አብሮ ኮፒ ሆነ። ኤክሴል በስም ስትጠራው መጀመሪያ ያገኘውን ስለሚሰጥህ የማንም ኮምፒውተር ይበላሽ የሚቀላው የመጀመሪያው ብቻ ነበር፣ ምስኪን። ለየግሩፑ የየራሱን ስም የሚሰጥ አጭር ማክሮ ጻፍን። መብራቶቹ ግን ሁሉም "ላይት" ቢባሉ ችግር የለውም፣ የምንፈልጋቸው እያንዳንዱ ግሩፕ ውስጥ ገብተን ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ የፊደሉ ነገር ነው። የማክሮው ኮድ የሚጻፍበት የቪቢኤ ኤዲተር ዩኒኮድ (የአማርኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደል የሚይዝ አሠራር) አይችልም፣ "ተበላሽቷል" ብለህ ስትጽፍ የጥያቄ ምልክት ይደረድርልሃል፣ ኮዱም ሰንጠረዡን ከጥያቄ ምልክት ጋር እያስተያየ መቼም አይገጥምለትም። ማክሮው መልእክት የሚያሳይበት ሜሴጅ ቦክሱም ያው ነው። ሴሉ ግን አማርኛን በደንብ ስለሚይዝ ቃሏን ሌላ ሺት ላይ አንድ ሴል ውስጥ አስቀመጥናትና ማክሮው ሴልን ከሴል ጋር እንዲያስተያይ አደረግን፣ የሼፖቹን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል። ይቺን ያገኘችው ያቺው የአሥረኛ ክፍሏ ናት።

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሠርቶ 17 ቁጥር ብቻ ቀይ ሆና ቀረች። አንድ ሰዓት ሙሉ ኮዱን በኤፍ8 መስመር በመስመር ሄድንበት፣ ስህተት የለም። በመጨረሻ አንዱ ተነስቶ 17 ቁጥርን ለመክፈት ሞከረ፣ እውነትም ተበላሽታለች።