ስለዚያች መዋጮ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ለሁለት ዓመት ዝምታዬ ሰበብ አልፈልግለትም፤ ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሱፐርማርኬቱ ከመጀመሪያ ቼክሽ የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) መዋጮ ቆርጦብሽ «ማን ጠየቀኝ?» እያልሽ ስትንጨረጨሪ፣ «ስስታም!» አልኩሽ። አፌ ይቆረጥ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ገጥሞኝ ትዝ አልሽኝ። እኛ ሆቴል ፎቅ ላይ ክፍል የምታጸዳ አንዲት ልጅ አለች፤ መዋጮ አትከፍልም። ኔቫዳ ውስጥ መብቷ ነው። ሱፐርቫይዘሯ «ክፍሎቹን በሰዓቱ አልጨረስሽም» ብሎ ሊያባርራት ሲል ግን፣ ጋሪዋን ኮሪደሩ ላይ ጥላ የሮጠችው ወደ ዩኒየን ተወካያችን ነው። ሴትዮዋ የምሳ ዕቃዋን ገና ከፍታ ነበር፤ ክዳኑን መልሳ ተነሣችና አብራት ቢሮ ገባች። አባል ሆነችም አልሆነች፣ ዩኒየኑ እኩል እንዲቆምላት ሕግ ያስገድደዋል። ልጅቷ ይኸው ሥራዋ ላይ ናት፤ እስካሁን አምስት ሳንቲም አልከፈለችም። እኔ ደሜ ፈልቶ ቀረሁ፤ ሴትዮዋ ምሳዋን አሙቃ በላች።

«መዋጮ ግዴታ አይደለም» የሚለውን የኔቫዳ ሕግ ማን እንዳመጣው ሳጣራ፣ ለካ ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ነው! እዚህ በፈረንጆቹ 1952 ለጥቂት አለፈ፤ በ1954ና በ1956 ለመሻር ተሞክሮ አልሆነም። ያንቺዋ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ በ1956ም በ1958ም ተጠይቃ ሁለቴም እምቢ አለች፤ ካንቺ ሊቆረጥ የቻለውም ለዚህ ነው። በ1958 ስድስት ስቴቶች ድምፅ ሰጥተው የተቀበለችው ካንሳስ ብቻ ናት። በቅርቡም፣ በ2018፣ የሚዙሪ ምክር ቤት ያወጣውን ይህንኑ ዓይነት ሕግ ሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ በሆነ ድምፅ ጣለው። እንግዲህ «ማን ጠየቀኝ?» ላልሽው፣ የተጠየቁት እኔና አንቺ ሳንወለድ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልመንልሽ። ማንም ሳይገደድ የኛው የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞች ማኅበር፣ ኩሊነሪ ዩኒየን፣ ወደ 60,000 አባል አለው። ሰው የሚጠቅመውን ካየ ይከፍላል፤ ይህን ስትዪኝ አልሰማሁሽም። ሆኖም ያቺ ተወካይ ከሺፍት በኋላ እግሯ አብጦ፣ የአባልነት ወረቀት ይዛ አዲስ የገባውን ሁሉ ካፊቴሪያው በር ላይ ስትለምን ሳይ ልቤ መልሶ ይከፋፈላል። እናንተ ጋ ያ ልመና የለም።

ቁጥሬ ያው ነው። ዕረፍቴ ማክሰኞ ነው፤ ደውዪና ስደቢኝ።

ያንቺዋ የቬጋሷ