ወይብን ተከትለን፦ የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ባለፈው ዓመት በወጣው መጽሔት የጂኦግራፊ ክበብ ድርሻ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ እሷም የተቀደዱ የግድግዳ ካርታዎችን ስለ መለጠፋችን ነበር። ዘንድሮ የዝግጅት ክፍሉ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቶን «ይሞላል ወይ?» ሲለኝ፣ ይተርፋል አልኩ።

እውነቱን እንነጋገርና፣ የክበብ ጉዞ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ ሄዶ፣ ዋኝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ትምህርታዊ ጉብኝት» ይባላል። በጥቅምት በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ የአባላቱ ሐሳብም ከዚህ የራቀ አልነበረም። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ቲቸር፣ ለምን አንድ ወንዝ ይዘን ዓመቱን ሙሉ አናጠናውም?» አለ። ዓባይ ተባለ፣ አዋሽ ተባለ፤ ሁለቱም በክፍል ትምህርት ጠግበናቸዋል ተብለው ወደቁ። በመጨረሻ የተመረጠው ወይብ ሆነ። ወይብ ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ፣ በዲንሾ አካባቢ ሸለቆውን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይወርድና ሶፍ ዑመር ላይ ኮረብታ ውስጥ ይገባል። በወዲያኛው በኩል ብቅ ብሎ ወደ ቆላው ይቀጥላል፤ ዶሎ አካባቢ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማሊያ ይሻገራል። ልጆቹን የማረካቸው ያ የኮረብታው ጉዳይ ነው። ወንዝ እንዴት አድርጎ ድንጋይ ሰንጥቆ ያልፋል?

መልሱን ለማግኘት ባሌ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም፤ ግማሹን ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ አገኘነው። እያንዳንዱ አባል ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩ። የመጣው አብዛኛው ከየሰፈሩ የኮብልስቶን ስባሪ ነበር። አጎቱ የሲሚንቶ መኪና የሚነዳ አንድ ልጅ ግን ከሙገር በኩል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አስመጣ። የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ስናንጠባጥብ ኮብልስቶኑ ምንም አላለ። የኖራ ድንጋዩ ግን ሽሽ እያለ አረፋ ደፈቀ። «ተቃጠለ!» ያለ ነበር፤ አልተቃጠለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ነው።

ዋሻ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ አሲዱ እጅግ ደካማ፣ ጊዜው ደግሞ እጅግ ረጅም መሆኑ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየሩ፣ ይልቁንም ሥር ከበዛበት አፈር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይሰርጋል፤ አምቦ ውሃ ከፍተን ስንቀዳ የሚፍለቀለቀው ያው ጋዝ ነው። እንዲህ የኮመጠጠ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቆች ሲገባ ድንጋዩን እያሟሟ ስንጥቁን ያሰፋል። ስንጥቁ ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይገባል፤ ብዙ ውሃ ሲገባ የበለጠ ይሰፋል። ኮብልስቶናችን የተጠረበበት ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ ለዚህ ጨዋታ አይመችም። የባሌ ቆላ የኖራ ድንጋይ ግን የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ግድም ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ወደዚህ ምድር ገብቶ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ደለል ነው። በመቀሌ አካባቢና በዓባይ ሸለቆ የምናየውም የዚያው ባሕር ቅሪት ነው። ይህን ስናገር ከኋላ ወንበር «ባሕር ነበረን ማለት ነው?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ውይይቱ ከዚያ ወዴት እንደሄደ መገመት አያቅትም፤ ደወሉ አዳነን።

ወንዙ ወደሚያልፍበት ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ልንጓዝ መሆኑ ሲነገር ትልቁ ፈተና የመጣው ከወላጆች ስብሰባ ነው። አንዲት እናት ተነሥተው «መምህር፣ ታይላንድ ዋሻ ውስጥ የቀሩትን ልጆች ረሷቸው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ስለዚህ በቀጥታ የክበቡ ትምህርት አደረግነው። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2018 አሥራ ሁለት ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ በሚባል የኖራ ድንጋይ ዋሻ ገብተው ሳለ ዝናብ ጣለና ውሃው መመለሻቸውን ዘጋው። ከመግቢያው ወደ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ ተቀምጠው የብሪታንያ ጠላቂዎች ያገኟቸው ጁላይ 2 ነው። ሁሉም በሕይወት ወጥተው ያለቁት ጁላይ 10 ሲሆን፣ በመካከሉ ሳማን ጉናን የተባለ የቀድሞ የታይላንድ ባሕር ኃይል ጠላቂ ኦክሲጅን አድርሶ ሲመለስ ሞተ።

ልጆቹ ስለ ጠላቂዎቹ ጀግንነት ማውራት ወደዱ። እኔ ያተኮርኩት ሌላው ላይ ነው። ሞተሮች ከታች ውሃ ሲስቡ፣ ሌሎች ሠራተኞች ተራራው አናት ላይ ወጥተው ውሃ የሚሰርግባቸውን ቀዳዳዎች ይደፍኑ፣ ጅረቶችንም አቅጣጫ ያስቀይሩ ነበር። የኖራ ድንጋይ ተራራ ላዩም ውስጡም አንድ ነው። ዋሻው ደጃፍ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ሩቅ ቦታ ዝናብ ከጣለ ውሃው ይደርሳል፤ በተለይ ወይብን የመሰለ፣ ምንጩ ደጋ ሆኖ ዋሻው ቆላ የሆነ ወንዝ።

ከዚህ ውይይት የወጣውን ደንብ ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ጉዞው የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ይሆናል፤ ወቅቱ በጋ ነውና። ደጋው ላይ ዳመና ከታየ አንገባም። ከጉልበት በላይ ውሃ አንሻገርም። እያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ይይዛል፤ የስልክ መብራት አይቆጠርም። ከመምህራን አንዱ ከጥቂት ልጆች ጋር ውጭ ይቀራል፤ የመውጫ ሰዓታችን ደግሞ እሱ ዘንድ ይጻፋል። የባዮሎጂ መምህርታችን ደረቅ የሌሊት ወፍ ኩስ ሲቦን ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ማስክ አስጨመሩ፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሞልቶ ነበር። ደንቡን ያነበቡት እናት ልጃቸውን ፈቀዱ። «እኔም ብሄድ» ማለታቸውንም ሰምቻለሁ።

ገብተን አይተን እንዳንወጣ ሥራ ያስፈልገን ነበር፤ ሥራውም ካርታ ማንሳት ነው። ዋሻ ውስጥ ጂፒኤስ አይሠራም፤ የሳተላይት ምልክት ድንጋይ አያልፍም። ስለዚህ ዋሻ የሚለካው በጥንቱ ዘዴ ነው። ከአንድ ነጥብ ወደሚቀጥለው ሜትር ይዘረጋል፣ አቅጣጫው በኮምፓስ ይነበባል፣ ዳገት ቁልቁለቱ በዲግሪ ይለካል፣ ግራና ቀኝ ግድግዳው ያለው ርቀት ይጻፋል። ለዳገት መለኪያው መሣሪያ አልነበረንም፤ ልጆቹ ፕሮትራክተር ላይ ክር አስረው፣ የክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ አንጠልጥለው ሠሩት። የግንበኛ ቱምቢ ፕሮትራክተር አገባ ማለት ነው። በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ሲለማመዱ የሰነበቱ ሲሆን፣ የጽዳት ሠራተኞቻችን «ሕንፃው ሊሸጥ ነው እንዴ?» እያሉ ይጠይቁን እንደነበር ሳልጠቅስ አላልፍም።

ስለ መንገዱ አጭር ልበል፤ በአሰላና በዶዶላ አድርገን ሄድን፣ አውቶቡሱ አልተበላሸም፣ ዘፈን አልተቋረጠም። ዲንሾ ላይ ወርደን ወይብ ሕፃን ሳለ ምን እንደሚመስል አየን። እዚያው ሸለቆ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት የሰው ልጆች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ እዚያ ይኖሩ እንደነበር፣ ከነባልጩት መሣሪያቸው ተረጋግጧል። ቦታው ሩቅ ስለሆነ ነግሬያቸው ብቻ አለፍን። በዚያ ብርድ ጃኬታቸውን እስከ አፍንጫቸው የዘጉት ልጆች «እዚህ? በምን ልብስ?» ማለታቸው ጥሩ የታሪክ ጥያቄ ነው።

ሶፍ ዑመር ከሮቤ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያደርነው መንገድ ላይ ባለችው ጎሮ ነው። ቦታው ቅዱስ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሼኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ይኖሩበት እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬም ለጸሎት የሚመጣ ብዙ ነው። ስለዚህ ከሜትርና ከኮምፓስ በፊት ፈቃድ ነው። የመሩን ሽማግሌ ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አድርገው፣ የት ዝም እንደሚባል፣ የት እንደማይረገጥ፣ የት ፎቶ እንደማይነሣ አንድ በአንድ አስረዱን። ካርታው ላይ «መግቢያ 1» ብለው የጻፉ ልጆችን «ስም አለው እኮ ልጆቼ» ብለው አሰረዟቸው፤ አዮ ማኮ ተብሎ ተጻፈ።

አባላቱ የጠበቁት መማሪያ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሥዕል ከጣሪያ የተንጠለጠለ የድንጋይ ዘንግ፣ ማለትም ስታላክታይት፣ ነበር። ሶፍ ዑመር በዚያ አይታወቅም። የሚታወቀው በምሰሶዎቹ ነው። ውሃው እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ስንጥቆችን ተከትሎ በሁሉም አቅጣጫ ሲያሟሟ፣ በመካከል ያልሟሟው ድንጋይ ጣሪያ ተሸክሞ ቆሟል። ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ የቀድሞ መንገዶቹን ደርቀው ትቷቸው ሄዷል፤ እኛ የለካነው ከነዚህ ደረቅ መተላለፊያዎች ጥቂቱን ነው። ሁሉም መስቀለኛ መንገድ ሌላውን ይመስላል። አቅጣጫ አዋቂ ነኝ ይል የነበረ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ጊዜ ከታጠፍን በኋላ መውጫው ወዴት እንደሆነ ተጠይቆ በሙሉ ልብ ወደ ግድግዳ ጠቆመ።

ሽማግሌው አንድ ቦታ ቆም አሉና በትራቸውን ሽቅብ ቀሰሩ። መብራታችንን ሁላችንም ወደዚያ አዞርን። ከራሳችን በላይ፣ ብዘልም የማልደርስበት ከፍታ ላይ፣ ስንጥቅ ውስጥ የተቀረቀረ የእንጨት ቅርንጫፍና የደረቀ ሣር አለ። «ውሃው ሲሞላ ያመጣው ነው» አሉ። ለወራት ስለ ጎርፍ ካስተማርኩት ሁሉ ያ ቅርንጫፍ በለጠ፤ ከዚያ በኋላ ውጭ ስላለው ዳመና በየመሐሉ ይጠይቅ የጀመረው ራሱ ተማሪው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ልኬት ግን ጉድ አፈላ። ሥራችንን መፈተሻው ዘዴ ይህ ነው፤ ከአንድ ምሰሶ ተነሥቶ ዞሮ እዚያው ምሰሶ ላይ መድረስ። ሲነደፍ የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር መግጠም አለበት። ማታ ጎሮ፣ ሆቴሉ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግራፍ ወረቀት ዘርግተው ሲነድፉት፣ መስመሩ ዞሮ ዞሮ ራቅ ብሎ ድንጋይ ውስጥ ገባ። ጭቅጭቁ እስኪመሽ ቆየ፤ ሜትር ያዡ ኮምፓስ አንባቢዋን፣ አንባቢዋ ጸሐፊውን ከሰሰች። የነገሩን ቋጠሮ የፈታችው ራሷ አንባቢዋ ናት። የግንባር ባትሪዋን አውልቃ ወደ ኮምፓሱ ጠጋ ስታደርግ መርፌው ዞረ፤ ስታርቅ ተመለሰ። ዋሻው ውስጥ ኮምፓሱን ዓይኗ ሥር አድርጋ ባነበበች ቁጥር መርፌውን እየጎተተ ያሳሳታት ግንባሯ ላይ ያለው መብራት ነበር። በማግስቱ ጓደኛዋ ከጎን ራቅ ብሎ እያበራላት ሁሉንም ነጥብ እንደገና ወሰደች። ሁለተኛው መስመር ፍጹም ባይሆንም በጥቂት ሜትር ልዩነት ገጠመ። ጭብጨባው አስተናጋጆቹን አስደነገጠ።

ወንዙን ተከትለን በውስጥ እስከ መጨረሻው አልሄድንም፤ ጥልቅ መሻገሪያዎች አሉና ደንባችን አይፈቅድም። ቅር ያላቸው ነበሩ፤ እኔ አልነበርኩም። በምትኩ በላይ በኩል፣ በደረቁ ኮረብታ ቁጥቋጦ መሐል ተሻግረን ወንዙ በሚወጣበት በሆሉቃ በኩል ወረድን። ኮረብታው ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ የለም። ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ወንዝ፤ የኖራ ድንጋይ አገር ማለት ይህ ነው። ክፍል ውስጥ ስዕል ስዬ ከማስረዳው አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ መሄዱ ይሻላል።

ከተመለስን በኋላ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያለቀው በካርታው ነው። የልጆቹ ካርታ ከዋሻው ሲነጻጸር የጥፍር ታህል ናት። አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የመጣው የብሪታንያ የዋሻ አጥኚዎች ቡድን ደግሞ 15.1 ኪሎ ሜትር መተላለፊያ ለክቶ ካርታ አንሥቷል። የኛዎቹ ይህን ሲሰሙ አልተከፉም፤ ይልቅ «በስንት ኮምፓስ?» ብለው ጠየቁ። የለካ ሰው ጥያቄ ነው። ሶፍ ዑመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ውስጥ እንዳለ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ የሚገልጽ ጽሑፍ ከካርታው ጎን ለጥፈዋል። ካርታው ጂኦግራፊ ክፍል በሩ ጎን ነው፤ ገብታችሁ እዩት፤ በእጅ ግን አትንኩት።

ለሚመጣው ዓመት በዓባይ ሸለቆ ዳገት ላይ የድንጋይ ንጣፎቹን ከላይ እስከ ታች የማንበብ ሐሳብ አለ። ጥሩ ኮምፓስ ያለው ወላጅ ቢያውሰን ውለታው ትልቅ ነው። ሄልሜቶቹን ከአንድ የሕንፃ ግንባታ ቦታ የተዋስናቸው ስለሆኑ መልሰናል፤ ሁለቱ ግን ጎድለዋል። ማን ዘንድ እንዳሉ እገምታለሁ። ከማጠቃለያ ፈተና በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ካገኘኋቸው ማን እንዳስቀመጣቸው አልጠይቅም።