ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

አንገትሽን እንዴት አደረገሽ? ሐኪሙ ሳይፈቅድልሽ ሥራ አትግቢ። አንቺም ሰውየውም በሕይወት ስለተረፋችሁ ፈጣሪ ይመስገን።

ወንድምሽ የመኪና አደጋውንም፣ ወገቡ የተጎዳው ሰውዬ አንቺን መክሰሱንም፣ ሁሉንም ነግሮኛል። ያስደነገጠኝ የሚጠይቅሽ ገንዘብ አይደለም፤ በርሽ ላይ የተለጠፈውን የፍርድ ቤት መጥሪያ ሳታነቢ መሳቢያ ውስጥ መክተትሽ ነው። አውጪው። ዛሬውኑ አውጪው።

ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ የምታስገድደው ዝቅተኛው ኢንሹራንስ ለአንድ ተጎጂ 50 ሺህ ዶላር፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። አንቺም የገዛሽው ያንኑ ነው። የወገብ ቀዶ ሕክምና ከዚያ በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈውን የሚጠየቀው አሽከርካሪው ራሱ ነው። ቢሆንም ኢንሹራንሱ ጠበቃ ሊያቆምልሽ ግዴታ አለበት። መጥሪያው መድረሱን ካልነገርሻቸው ግን በምን ያውቃሉ?

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ሲነዳ የደረሰበትን ገና ልጆች ሳላችሁ ስለሆነ በደንብ አታውቁትም። የተጎዱት አንዲት አዛውንት ነበሩ። በቀይ መብራት የገቡት እርሳቸው መሆናቸውን ያየ ሌላ ባለታክሲ ነበር። አባትሽ ግን አንጀቱ አልቻለም፤ እንደ አገራችን ሽማግሌ ይዞ ቤታቸው ልሂድ አለ። ጠበቃቸው ደጃፋቸው እንዳይደርስ ከለከለው። ከዚያ ወዲህ ተስፋ ቆረጠ፤ የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ መክተት ጀመረ። በሌለበት ተፈረደበት። በዚህ አካባቢ ሕግ ተጎጂው ራሱ ጥቂት ጥፋት ከተገኘበት ምንም ላይከፈለው ይችላል፤ ያንን ምስክር ግን የሰማ ዳኛ የለም። ለዓመታት ከደመወዙ ሩቡ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ሌሊት ከሥራ ሲመለስ «ቀርቤ ቢሆን ኖሮ» ይል ነበር፤ እስከ መጨረሻው አልወጣለትም። አንቺን በዚያ መንገድ ሳይሽ እንዴት ዝም ልበል?

መጥሪያው ከደረሰሽ ቀን አንሥቶ መልስ የምትሰጪበት ጊዜ 21 ቀን ብቻ ነው። አውጪውና ፎቶ አንሥተሽ ለኢንሹራንሱ ላኪ። ከእነርሱ ጠበቃ ሌላ የራስሽን አማክሪ፤ ኢንሹራንሱ ክሱን በ50 ሺሁ ውስጥ እንዲጨርስልሽ የራስሽ ጠበቃ በጽሑፍ ይጠይቅልሽ። ሰውየው ገንዘቡን ሲወስድ ከአንቺ ተጨማሪ ገንዘብ እንደማይጠይቅ መፈረም አለበት። ለእርሱ አትደውዪ። ወንድምሽ «መኪናሽን በስሜ አዙሪው» ያለሽን አትስሚ፤ ከዕዳ ለማሸሽ የተደረገ ዝውውርን ፍርድ ቤት ያፈርሰዋል።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። የፖሊሱን ሪፖርትና የኢንሹራንስ ውልሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። በርበሬ ካለቀብሽ ደውዪልኝ፤ ይዤልሽ እመጣለሁ።

እናትሽ