ከሲልቨር ስፕሪንግ ለአባቴ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከጥምቀት ወዲህ ሳልጽፍ የቆየሁት ሥራ ስለበዛብኝ እንጂ በክፉ አይደለምና አያስቡ።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው እሑድ እማዬ በስልክ የነገረችኝ ነገር ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ዜና ሰምተው፣ ጋዜጣዎን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ከሳሎኑ ወንበር እንደማይነሡ፣ የእድሩ ሰዎች ጸሐፊ ይሁኑልን ብለው ቢለምኑዎት «አሁንስ በቃኝ» ብለው እንደመለሷቸው፣ ለራስዎ ይሁን ብዬ የላክሁትንም ገንዘብ ሳይነኩ ለሚጡ ሠርግ እንዳስቀመጡት ሰማሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ማረፍ እንደሚገባዎት አላጣሁትም። ነገር ግን እማዬ የነገረችኝ ዕረፍት አልመሰለኝም።

ስለ ሥራዬ በደንብ አጫውቼዎት አላውቅም። እዚህ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን የሆናቸውን አንድ ሽማግሌ እረዳለሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ምግባቸውን አሞቃለሁ፣ ወደሚሄዱበት አደርሳቸዋለሁ። በማቀዝቀዣው በር ላይ የሳምንቱን ፕሮግራም በትልልቅ ፊደል ጽፈው ለጥፈዋል፦ ሰኞ ቤተ መጻሕፍት፣ ረቡዕ ዋና፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ። የምንሄድበት ሲልቨር ቴአትር በፈረንጆች 1938 ተከፍቶ በ1984 የተዘጋ፣ ከዚያም ታድሶ በ2003 እንደገና ሥራ የጀመረ አሮጌ ሲኒማ ቤት ነው። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ የሚገባው አብዛኛው ሰው ፀጉሩ የሸበተ ነው። ሽማግሌውን ደግፌ አስገብቼ፣ ኮታቸውን አስወልቄ ከጎናቸው ስቀመጥና መብራቱ ሲጠፋ ሁልጊዜ ልቤን አንድ ነገር ይበላኛል። የሰውን አባት ሲኒማ እያስገባሁ እርስዎ ግን ቤት ተቀምጠው ይውላሉ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አባባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዴት እንደነበርን ያስታውሳሉ? የአማርኛ ፊልም በየሲኒማ ቤቱ መታየት በጀመረበት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አምባሳደር በር ላይ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ሲደርስ፣ እርስዎ ትኬቶቹን በሸሚዝዎ ኪስ ይዘው በየመሐሉ በእጅዎ ይዳስሷቸው ነበር። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ቋጥራ ትመጣለች፤ ሚጡ ፊልሙ ሳይጋመስ ጭንዎ ላይ ትተኛለች። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ሲወጣ ሰው ሁሉ እየተነሣ ሲሄድ፣ እርስዎ ግን የተሳሳተ ፊደል እየፈለጉ እስከ መጨረሻው ያነቡ ነበር፤ እማዬ «ተነሥ እንጂ፣ ታክሲ እናጣለን» እያለች ትጎትትዎታለች። ከዚያ በእግር ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወርደን ድንጋዩ አንበሳ ሥር እንቆምና ፊልሙ የቱ ላይ እንደተንዛዛ እያንዳንዳችንን ይጠይቁናል። በቴዎድሮስ አደባባይ ስናልፍ ደግሞ ሲኒማ ለከተማው እንግዳ በነበረበት ዘመን ሰዉ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ያጫውቱን ነበር። እኔ ለሰው የማወራው የልጅነት ደስታ ቢኖረኝ ይኸው ነው። እዚህ ምሽት ላይ ከሥራ ስመለስ ወደ አእምሮዬ የሚመጣውም እሱ ነው፤ ያን ጊዜ የአዲስ አበባን አቧራ እንኳ እናፍቀዋለሁ።

«ዓይኔ ለፊልም አይሆንም» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። የዓይንዎ ሞራ ከተነሣ ወዲህ ግን የጋዜጣውን ደቃቅ ጽሑፍ ያለ ችግር እንደሚያነቡ እማዬ መስክራለች፤ ጋዜጣ ያነበበ ዓይን ያን የሚያህል ሸራ አያቅተውም። ጉልበትዎን በተመለከተ ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ብሎ አዝዞ የለም ወይ? ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ቢወርዱ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሆናል። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ግን ከቤት ሳይወጡ ይውሰዱ፤ ይህን እለምንዎታለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከሠርጉ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሚጡ ሽማግሌ እንደተላከባት፣ እርስዎም እንደመረቋት ስሰማ ብቻዬን አለቀስሁ፤ ያቺ ጭንዎ ላይ የምትተኛ ልጅ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከቤት ልትወጣ ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ እንደማልመጣ ነግሬያችኋለሁ፤ ደግማችሁ አትጠይቁኝ፣ ቢቻለኝ በእግሬም እመጣ ነበር። ቅልቅሉና መልሱ አልቆ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመዱ ወደየቤቱ ሲሄድ ከእማዬ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ትቀራላችሁ። ያን ዝምታ ከወንበሩ ሳይነሡ እንዲያሳልፉት አልፈልግም።

አሁን ሁዳዴ ስለሆነ ሲኒማ ይሂዱ አልልም። በግንቦት ግን እማዬን፣ ሚጡንና አማችዎን ይዘው አንድ ቅዳሜ ይውጡ። በሌላው ቀን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ገብተው ይዩት፤ እርስዎን የመሰለ አንባቢ እስከ ዛሬ አለማየቱ ይቆጨኛል። የእድሩንም ጥያቄ እንደገና ያስቡበት፤ መዝገቡን እንደ እርስዎ አድርጎ የሚይዝ ሰው እንደማያገኙ እኔም እነሱም እናውቃለን።

በዚህ ሳምንት በባንክ የላክሁት ገንዘብ ለሁለት የሚከፈል ነው። ትልቁ ለሠርጉ ነው። ትንሹ ግን የትኬትና የታክሲ ስለሆነ ለእማዬ ይስጧትና እሷ ትያዘው፤ እርስዎ ከያዙት ለበግ መግዣ እንደሚያደርጉት ዐውቃለሁ። ምን እንዳያችሁና የቱ ላይ እንደተንዛዛ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ።

እማዬን በእኔ ስም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

የሚናፍቅዎ ልጅዎ