የሰው ስም የሚያመጣው ኔትወርክ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ አንዲት እናት በድረ ገጽ ቀጠሮ ሲይዙ የሌላ ሰው ስም መጣብኝ ብለው ጽፈው ነበር። መልስ ሰጪው «የኔትወርክ ችግር ነው» ብሎ አለፋቸው። አይደለም! ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ አይከፈትም እንጂ የጎረቤትን ስም አያመጣም። እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ተቀምጬ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ይቺን ስሕተት በገዛ እጄ ሠርቻት አውቃታለሁ።

መናኸሪያ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት አስቡ። አስተናጋጁ አንድ ነው፣ ጠረጴዛው ዐሥር። ትእዛዙን ለማድ ቤት ነግሮ፣ ምግቡ እስኪደርስ ቆሞ አይጠብቅም፣ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። ኖድ ጄኤስም (ድረ ገጽን ከጀርባ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው) እንደዚያው ነው፦ ኮዱን የሚያስኬደው አንድ ትሬድ፣ ማለትም አንድ ሠራተኛ ነው፣ ዳታቤዙ (የመረጃ ማከማቻው) እስኪመልስለት ሌላ ደንበኛ ይቀበላል። አሁን አስተናጋጁ ያለችው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ብትሆንና በየጠረጴዛው እያጠፋ ቢጽፍባትስ? ሽሮው ሲደርስ የሚያነበው መጨረሻ የተጻፈውን ነው። እኔም የተጠቃሚውን ስም ግሎባል ቫሪያብል ውስጥ፣ ማለትም ደንበኞች ሁሉ በሚጋሩት አንድ ቦታ፣ አስቀምጬው ነበር። የመጣሁት ፒኤችፒ ከሚባል ሌላ የድረ ገጽ ቋንቋ ነው፤ እዚያ ከደንበኛ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግሎባሉ እንደ አዲስ ስለሚጀምር አይቀላቀልም። ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው ሠራ። ብቻዬን ስሞክረው ምን ይከለክለዋል!

መፍትሔው አለ። አንዱ መረጃውን ከፈንክሽን ወደ ፈንክሽን (ከአንዱ የኮድ ክፍል ወደ ሌላው) በእጅ ማቀበል ነው፤ ጎ የሚባለው ቋንቋ ኮንቴክስት እያለ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ንጹሕ ነው፣ ኮዱ ሲረዝም ግን ያሰለቻል። ሌላው ኤሲንክ ሎካል ስቶሬጅ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መረጃውን ለይቶ የሚይዝ የኖድ መሣሪያ። ኖድ ውስጥ የገባው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኖድ ሥሪት 16.4 ጀምሮ የተረጋጋ ተብሏል። ጥያቄው ሲገባ «ራን» በሚል ትእዛዝ የራሱን ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ጥያቄ ስር የተጠራ ሁሉ፣ ከአዌይት (መልስ ከሚጠበቅበት ቦታ) በኋላም ቢሆን፣ «ጌት ስቶር» ሲል የራሱን ያገኛል። ፓይተን የሚባለው ቋንቋም ከሥሪት 3.7 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ኮንቴክስት ቫርስ የሚባል አለው።

ግን ሁሉን ነገር እዚያ ማጎር አያስፈልግም፤ የተጠቃሚው መለያና ለሎግ (ለሥራው መዝገብ) የሚሆን የጥያቄ ቁጥር ይበቃል። አንዳንድ ኮልባክ (ሥራው ሲያልቅ የሚጠራ ኮድ) የሚጠቀሙ የቆዩ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች፣ ደግሞ ወረቀቱን መንገድ ላይ ይጥሉታል።

እርግጥ የእኚህ እናት ጉዳይ የካሽ (ለፍጥነት ተብሎ የተቀመጠ የገጹ ቅጂ) ጣጣም ሊሆን ይችላል። የድረ ገጹ ሠሪዎች ግን ሁለት ስልክ ይዘው፣ በሁለት ስም፣ በአንድ ጊዜ ገብተው ይሞክሩት። ዳታቤዙ ላይ የሁለት ሰከንድ መዘግየት ቢጨምሩበት ደግሞ ችግሩ የግሎባል ከሆነ ወዲያው ይታያቸዋል።

ከደብረ ብርሃን