እናቶቻችንን መዝኑልን፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የእናቴ የጋብቻ ቀለበት የተገኘው ሊጥ ውስጥ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ከጣቷ ወልቆ አያውቅም። በሳሙና እንኳ ቢሞከር አይወጣም ነበር። አምና በጥቅምት ግን እንጀራ ልታቦካ እጇን ስትከት ሹልክ ብሎ ወጣ። እኛ ልጆቿ ሳቅን። «ሸንቃጣ ሆንሽ እኮ!» አልናት። እሷም ደስ አላት። ሐኪሙ «ክብደት ይቀንሱ» ብሏት ስለነበር ምክሩን በደንብ የፈጸመች መስሏት ነበር።

በመጋቢት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ያከማት ሐኪም ቅን ሰው ነው፤ የሕክምና ቦታውንም ስም አልጠራም። ሐኪሙ ያደረገው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ማንበብ ነው። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ሰንጠረዥ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነው። ክብደቷ 71 ኪሎ ነበር። ክብደትን ለቁመት ካሬ የሚያካፍለው፣ ቢ.ኤም.አይ. የምንለው ስሌት 27.7 ይሰጣታል። በሰንጠረዡ መሠረት ጤናማው ከ18.5 እስከ 25 ስለሆነ «ከመጠን በላይ ነዎት፣ ከ64 በታች ይውረዱ» ተባለች። ስኳሯም ድንበር ላይ ነበር። ያኔ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር።

እናቴ ደግሞ የተባለችውን የምታደርግ ሰው ናት። ራት ተወች። ዘይት ተወች። ወተትና እንቁላልም ለፍስክ ቀን ብቻ የቀሩ ነበሩ፣ እነሱንም ተወች። ከዚያ ላይ ጾሙ አለ። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፤ አንዱም አያመልጣት።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ሕክምና ሄዳለች። አራቱንም ጊዜ ደም ግፊቷ ተለክቷል፣ ስኳሯ ታይቷል። ክብደቷን ግን አንድም ቀን አልመዘኗትም። «ኪሎዎ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቋታል። እሷም የምታውቀውን «ሰባ አንድ» ትላለች። ይጻፋል። ካርዷ ላይ አራት ጊዜ 71 ተጽፏል። መቀነቷ ግን በዚያው ዓመት አንድ ዙር ጨምሮ ነበር።

እናቴን የመዘናት በመጨረሻ መገናኛ አካባቢ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። ሳንቲም ልትሰጠው ብላ ነው የወጣችበት። «እማማ፣ ሃምሳ ስድስት» አላት። እኔ ሚዛኑ የተበላሸ መሰለኝ። ራሴ ወጣሁበት፤ ልክ ነው። በሳምንቱ ሕክምና ወስጄ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጎበዝ እናት፣ በደንብ ቀንሰዋል።» ሐሳቤን ስገፋ ደግሞ «እርጅናም አለበት» አሉኝ። ወደ ቤት ተመለስን።

አሥራ አምስት ኪሎ። በአንድ ዓመት ገደማ።

ከስብራቱ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሞችን ግን ጠይቄያለሁ። ያ ስሌት መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዶልፍ ኬትሌ የተባለ የቤልጅየም የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሰው ነው። እሱ የፈለገው የሕዝብን አማካይ ለማጥናት እንጂ ሕመምተኛ ፊቱ አስቀምጦ ለመምከር አልነበረም። የዛሬው ሰንጠረዥም የሃያ አምስት ዓመት ወጣትንና የሰባ አምስት ዓመት አሮጊትን አይለይም። በዚያ ላይ ሰው ሲያረጅ ቁመቱ ያጥራል፤ ስለዚህ አንድም ግራም ሳይጨምር ስሌቱ ከፍ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን 32 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ አይቶ ነበር። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 198,000 ገደማ ሰዎች ናቸው። ሞት ዝቅ ብሎ የተገኘው ቢ.ኤም.አይ. 27 እና 28 አካባቢ ላይ ነው። ከ23 በታች ሲወርድ ሞት ይጨምራል። ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ከ33 ሲያልፍ መጨመር ይጀምራል።

እናቴ 27.7 ነበረች። በ56 ኪሎ 21.9 ሆነች። ደህና ከነበረችበት ቦታ አንስተን አደጋ ወዳለበት ወሰድናት ማለት ነው። «ወሰድናት» ያልኩት እኔም እየሳቅኩ ስላጨበጨብኩ ነው።

ከሐኪሞች አንዱ በቅንነት ያስጠነቀቀኝን ሳልናገር አላልፍም። እንዲህ ዓይነት ጥናት ውፍረት ዕድሜ እንደሚያረዝም አያረጋግጥም። ድብቅ በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይከሳል፤ ስለዚህ ከሲታዎቹ ቶሎ የሞቱት ቀድሞም ታመው ስለነበር ሊሆን ይችላል። ይህ እውነት ነው። ግን እሱም ቢሆን ወደ አንድ ነገር ነው የሚወስደን። በእርጅና የሚወርድ ክብደት ምልክት ነው። ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፣ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ እንቅርት፣ ስኳር፣ ድባቴ፣ የመርሳት በሽታ፣ የሚያመው ጥርስ፣ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት። «እርጅና ነው» ብሎ መሸኘት ለእነዚህ ሁሉ በር ከፍቶ መስጠት ነው።

ጡንቻም አለ። የሰው ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከስልሳ በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። አረጋዊ ሰው ምግብ ብቻ ቀንሶ ሲከሳ የሚሄደው ስቡ ብቻ አይደለም። ከወንበር የሚያስነሳው፣ ሲደናቀፍ የሚይዘው ጡንቻ አብሮ ይሄዳል። እናቴ ያን ሌሊት የተደናቀፈችው በምንጣፍ ጫፍ ነው። ያ ምንጣፍ እዚያ ቦታ ሃያ ዓመት ኖሯል።

ስለዚያ ትውልድም አንድ ነገር ልበል። እናቴ የወሎ ሰው ናት። በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወጣት ነበረች፤ በ77 ደግሞ ልጅ አዝላ ነበር። ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ በዓይኗ አይታለች። በእነሱ አነጋገር «ወፈርሽ» ማለት «ተመችቶሻል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ነበር። «ከሳሽ» ከተባለ ደግሞ ሰው ይደነግጣል፤ «ምነው፣ ምን ነካሽ?» ይባላል። ጎረቤት ይመጣል፣ አጥሚት ይሠራል። እኛ ከተማ ያደግነው ይህን እንደ ኋላ ቀርነት አየነው። ጂምና ዳይት የምንለማመድበትን ቋንቋ ወስደን እነሱ ላይ ጫንነው። አሁን ሳስበው ስለ አረጋውያን ከሆነ የእነሱ ዓይን ከእኛ ሰንጠረዥ የተሻለ ያይ ነበር። ጎረቤታችን አንዲት እናት ገና በመስከረም «ልጄ፣ እናትህ ከስታለች፣ እያት» ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም።

እንዳልሳሳት፣ ውፍረት አይጎዳም አላልኩም። የሆድ ስብ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የጉልበት ሕመም አሉ። በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ያለው የከተማ ሰው መነገር ያለበት ነገር አለ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። አረጋዊም ሆኖ በጣም የከበደ ሰው መቀነስ ያስፈልገው ይሆናል። ግን ያ በክትትል፣ ጡንቻ በሚያጠነክር እንቅስቃሴና በበቂ ምግብ ነው የሚሆነው። «ይቀንሱ» ብሎ በባዶ እጅ መሸኘት ምክር አይደለም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ አገራችን በጤና ብዙ ርቀት መጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ በኢትዮጵያ ለተወለደ ልጅ የሚጠበቀው ዕድሜ ከ50 በታች ነበር። ዛሬ ከ65 አልፏል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው። በየቀበሌው እየዞሩ ቤት ለቤት የሚገቡት እነዚያ ሴቶች የሕፃናትን ክንድ በቀለም በተለየች ሜትር ይለካሉ። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፣ ልጁ ወዲያው ይላካል። እናት ያልተማረች ብትሆን እንኳ ቀዩን ታውቀዋለች። ያቺ ሜትር ስንት ልጅ አድናለች!

ያቺ ሴት የልጁን ክንድ ለክታ ስትወጣ አያትየው ጥግ ተቀምጠዋል። እሳቸውን የሚለካ የለም።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን ያዘጋጀው ቀላል መመዘኛ አለ። ስለ ምግብ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ባለፉት ሦስት ወራት ሳያስቡት ከ3 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል ወይ? የምግብ ፍላጎትዎ ጠፍቷል ወይ? ስለ ጉልበት ደግሞ፣ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር አምስት ጊዜ በ14 ሰከንድ ውስጥ ተነስቶ መቀመጥ ይቻላል ወይ? ሚዛን በሌለበት ቦታ የባት ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ከ31 ሴንቲሜትር ካነሰ አሳሳቢ ነው። ይህን ለመሥራት መብራት አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቤቱ በሚይዙት የቤተሰብ ማህደር ላይ አንድ መስመር ብቻ ይበቃል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ቢያንስ በሦስት ወር አንዴ ይለካ። በጤና ጣቢያም ክብደት በቃል መጠየቅ ይቅር። ይመዘኑ፣ ካለፈው ጋር ይተያይ። ሰንጠረዡም ስልሳ ላለፉት ለብቻው ይዘጋጅ፤ ከቁጥሩ ይልቅ ለውጡን የሚያሳይ ይሁን።

ስለ ምግብም አረጋውያንን የሚመለከት ምክር አዘጋጁልን። አረጋዊ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ኩላሊቱ የታመመ ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ለ60 ኪሎ ሰው 60 ግራምና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። እንግዲህ በምሳ ብቻ፣ ያውም በቀጭን ሽሮ፣ አይሞላም። ጾመኛ ለሆነው ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ለውዝና ሰሊጥ እንዴት እንደሚደመር ይነገረው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ጾምን ታቀልላለች። በእስልምናም መጾም ያልቻለ አረጋዊ ስለ እያንዳንዱ ቀን ድሃ እንዲያበላ ተፈቅዶለታል። ግን እናቴን «ይብሉ» የሚል ሐኪም ቢመጣ አትሰማውም ነበር። የሰማችው የንስሐ አባቷን ነው። እሳቸው ሲነግሯት አለቀሰች፣ ከዚያ ወተቱን ጠጣች። ካህናቱንና ኢማሞቹን አስተባብሩ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን በመመሪያ የሚፈታ አይመስለኝም፤ ቢሆንም እወቁልኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ወጥ መሥራት ትታ ነበር። እህቴ ዱባይ ናት፣ በየወሩ ብር ትልካለች። እኔ ሌላ ሰፈር ነኝ። ብር አላጣችም። «ለአንድ አፍ ወጥ አይሠራም» ትለኝ ነበር፤ ዳቦና ሻይ ይበቃታል። ስለዚህ የምትልኩት ባለሙያ ምን እንደሚበሉ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደሚበሉ ይጠይቅልን። በየቀበሌው ለአረጋውያን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን አብሮ የሚበሉበት ቦታ ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር ሆናችሁ ብትሞክሩት ብዬ እመኛለሁ። ዕድሩ አለ፣ ድንኳኑና ድስቱ አለ። ሰው ሲሞት ብቻ ለምን ይወጣል?

እናቴ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት የወንበሩን መቀመጫ ይዛ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፤ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌላ አምስት። ሚዛን ገዝተናል። በየወሩ በልደታ ቀን ትወጣበታለች፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ወር 60 ነበረች። ዘንድሮ የመጀመሪያ ክፍል የገባችው ልጄ ቁጥሩን ጮክ ብላ የማንበብ ሥራ ተሰጥቷታል።

ደብተሩን ማየት የሚፈልግ ባለሙያ ካለ ይዤው እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንዲት እናት ልጅ
አዲስ አበባ