የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ ከስክሩቢ እስከ ፓቱክሰት

ሌላ ጊዜ በየወሩ ርዕስ እንቀያይር ነበር። ሁሉንም ነካ ነካ እያደረግን አንዱንም በደንብ ሳናውቀው ክረምቱ ይገባል። ዘንድሮ ግን ጥቅምት ላይ ከ27ቱ አባላት ጋር ተመካከርንና ዓመቱን ሙሉ አንድ ታሪክ ብቻ ለማጥናት ወሰንን፤ በእምነታቸው ምክንያት ከእንግሊዝ ወጥተው አሜሪካ የሰፈሩትን ሰዎች ታሪክ።

ልጆቹ ቀድመው የሚያውቁት ሜይፍላወር የምትባለውን መርከብ ብቻ ነበር። እኛ የጀመርነው ከስክሩቢ ነው። ስክሩቢ እንግሊዝ ውስጥ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ነች። በንጉሥ ጄምስ ዘመን ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ ለብቻ ማምለክ ያስከስስ፣ ያሳስርም ነበር። ከመሪዎቻቸው አንዱ በነበረው በዊሊያም ብሩስተር ቤት እየተሰበሰቡ ይጸልዩ የነበሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1608 ወደ ሆላንድ ኮበለሉ። ከዚያም ላይደን ከተማ ውስጥ 11 ዓመት ገደማ ኖሩ። ገበሬ የነበረው ሸማኔ ሆነ። በእምነታቸው የሚነካቸው አልነበረም።

ታዲያ ለምን ለቀው ሄዱ? ይህ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሥራው ጉልበት ይጨርሳል፣ ገቢው ግን አያወላዳም። በዚያ ላይ ልጆቻቸው ደች እየሆኑባቸው ነበር። ይህን ስንነጋገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "የአክስቴ ልጆችም አሜሪካ እንደዚያው ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያልተናገረ ልጅ አልነበረም።

መርከቧ የተነሳችበትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልስም ደስ የሚል ነገር ገጠመን። መዝገቡ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1620 ይላል። ስልካቸው ላይ የፈለጉት ልጆች "ጳጉሜ 1" አሉ። ነገር ግን እንግሊዝ ያን ጊዜ የምትቆጥረው በድሮው በዩልዮስ ቀመር ነበር። በዚያ ቀመር የእኛ እንቁጣጣሽ በዚያ ዓመት የዋለው ኦገስት 29 ላይ ነው። በጠመኔ ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ቆጥረን መስከረም 9 ቀን 1613 ዓ.ም. ላይ ደረስን።

ጥር ላይ አንድ አባላችን በፌስታል በቆሎ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ 102 ፍሬ ደረደርን፤ የተሳፋሪዎቹ ቁጥር ነው። ከዚያ አሜሪካ ያሳለፉትን የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ታሪክ እያነበብን አንድ አንድ እያልን አነሳን። ብርዱና በሽታው እስከ ጸደይ ግማሽ ያህሉን ገደለ። በከፋው ጊዜ ደህና ሆነው የታመመ የሚያስታምሙት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበረው ዊሊያም ብራድፎርድ ጽፏል። ልጆቹ ፍሬውን ሲያነሱ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። በቆሎውም ያለ ነገር አልተመረጠም። ሰዎቹ ኬፕ ኮድ የሚባለው የአሜሪካ ጠረፍ እንደደረሱ አገሬው ቀብሮ ያስቀመጠውን በቆሎ ቆፍረው ወስደዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ የአገሬው ሰው የቲስኳንተም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ አታልሎ አፈነውና ስፔን ወስዶ ሊሸጠው ሞከረ። እንደምንም ለንደን ደረሰ። በ1619 አገሩ ሲመለስ መንደሩ ፓቱክሰት ውስጥ የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ወረርሽኝ ጨርሷቸዋል። ስደተኞቹ ፕሊመዝን የቆረቆሩት እዚያው፣ የእሱ ሰዎች መንጥረው ባቀኑት መሬት ላይ ነው። እሱ ግን በቆሎውን ከዓሣ ጋር እንዴት እንደሚተክሉ አሳያቸው። ዋምፓኖግ ከሚባለው የአካባቢው ሕዝብ መሪ ከማሳሶይት ጋርም አስተረጎመላቸው። በ1621 የተገባው የሰላም ውል ማሳሶይት እስኪሞት ጸና። በ1675 የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ከሰፋሪዎቹ ጋር ጦርነት ገጠመ። በተገደለ ጊዜ ጭንቅላቱ ፕሊመዝ ላይ እንጨት ላይ ተሰክቶ ዓመታት ቆየ። ይህን ባልነግራቸው ኖሮ ልጆቹን የዋሸኋቸው ያህል ይሰማኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ በሚኒ ሚዲያ የተላለፈው ክርክር ርዕስ "ነፃነት የፈለጉት ለራሳቸው ብቻ ነበር" የሚል ነው። ደጋፊዎቹ ቦስተንን አነሱ። በ1630 ወደዚያ የመጡት ፒዩሪታኖች፣ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እናጥራ የሚሉ ፕሮቴስታንቶች፣ ሮጀር ዊሊያምስ የሚባለውን ሰባኪ አባረሩ፤ ጥፋቱ መንግሥት በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም ማለቱ ነበር። ሜሪ ዳየር የምትባለውን ሴት ደግሞ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታይ በመሆኗ በ1660 ሰቀሏት። ተቃዋሚዎቹ ፕሊመዝና ቦስተን ያን ጊዜ አንድ አስተዳደር አልነበሩም ብለው በደንብ ተከራከሩ። ድምፁ ለደጋፊዎቹ ሄደ። እኔ ብጠየቅ እነዚያ ሰዎች ለሁሉም ነፃነት እንሰጣለን ብለው አያውቁም እላለሁ። የፈለጉት እውነት ነው ያሉትን አምልኮ ያለ ከልካይ መፈጸም ነበር። ነፃነትን ለሁሉም ያሰበው ሮጀር ዊሊያምስ ነው፤ በ1636 ፕሮቪደንስ የምትባለውን ከተማ ሲመሠርትም መሬቱን ያገኘው ከአገሬው ሕዝብ ከናራጋንሴት መሪዎች ጋር ተስማምቶ ነው።

ለወላጆች ቀን ልጆቹ ትልቅ ካርታ ሣሉ። ቦታው ላይ መጀመሪያ "ፓቱክሰት" ብለው በቀይ ጻፉ። "ፕሊመዝ" የሚለውን ከሥሩ፣ አነስ ባለ ፊደል አደረጉት። እኔ አልነገርኳቸውም። ካርታው አሁን ላይብረሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።